የሞተለሚ ሁለት ፍጻሜ፦ ገድል ያቆየው ንጉሥና የአየርላንዱ አምሳያው

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ የዳሞት ንጉሥ ሆኖ የተሣለውን ሞተለሚን በሥነ ጽሑፍ ዓይን መመርመር ነው። ሞተለሚ በእርግጥ ኖሯል ወይ፣ ከኖረስ ግዛቱ እስከ የት ይደርስ ነበር የሚለው በዋናነት የታሪክ ሰዎች ጥያቄ ነው። የእኔ ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው። አንድ የገድል ጸሐፊ በእምነት ባላጋራው የሆነውን ንጉሥ ለምን ያን ያህል አገነነው? ካገነነውስ በኋላ ንጉሡ ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ ወዴት ሄደ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመፈለግ ከመካከለኛው ዘመን የአየርላንድ ሥነ ጽሑፍ አንድ አምሳያ አቀርባለሁ። አየርላንድ ክርስትና ከሮማ መንግሥት ወሰን ውጭ ቀድሞ የገባባት አገር ናት። መነኮሳት የጽሕፈት ባለቤቶች ሆኑባት። ከክርስትና በፊት ነበሩ የሚባሉት ነገሥታቷ ታሪክ ለዛሬው አንባቢ የደረሰው በእነዚሁ መነኮሳት ብዕር ነው። ስለዚህ የእኛን ገድል ለብቻው ስናነብ እንደ ተራ ነገር የምናልፈውን፣ ከአየርላንዱ ጽሑፍ ጎን ስናስቀምጠው ቆም ብለን እንድናየው ያደርገናል።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ሞተለሚ በእኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለት ፍጻሜ አለው። አንደኛው በግዕዝ የተጻፈው ሲሆን፣ እዚያ ንጉሡ ተሸንፎ ይጠመቃል። ሁለተኛው በወላይታ የሚነገረው የቃል ትውፊት ነው፤ እዚህ ደግሞ ንጉሡ የሥርወ መንግሥት አባት ነው። ሁለቱን ለየብቻ ማንበብ ጎድሎ ማንበብ ነው። በአንድ ገበታ ላይ አቅርቦ ማስተማር ይቻላል፤ ይገባልም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

2. ዳሞትና ገድሉ

ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት ዳሞት ይባል የነበረው አገር ዛሬ በጎጃም በዚሁ ስም ከሚጠራው የተለየ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው የቀድሞውን ዳሞት ከአባይ በስተደቡብ፣ ከአዋሽ ምንጭ በስተምዕራብ ያስቀምጡታል። አዋሽ የሚመነጨው ከጊንጪ አቅራቢያ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር በኩል ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው፣ በዚህ ግምት መሠረት፣ የቀድሞውን ዳሞት ምሥራቃዊ ጠርዝ እያቋረጠ ነው ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተካሄደው የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት ጋር ተያይዞ ስሙ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ሄደ። በደቡብም በኩል ከወላይታ ሶዶ በላይ የሚታየው ተራራ ዳሞታ ይባላል፤ ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ሶሬና ዳሞት ወይዴ የሚባሉ ወረዳዎችም አሉ። በዛሬው የምዕራብ ሸዋ የአስተዳደር ካርታ ላይ ግን ዳሞት የሚባል ወረዳ የለም። ስሙ ከመሃል ተነሥቶ በሁለቱ ጠርዞች ቀርቷል።

ይህ ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው። አፈ ታሪክ በተለምዶ የሚኖረው በቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ድንጋዩ፣ ጉብታው፣ ምንጩ ታሪኩን ይይዘዋል። ስሙ ከቦታው ሲነሣ ታሪኩን የሚይዘው መጽሐፍ ብቻ ይሆናል። ለሞተለሚም የሆነው ይኸው ነው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያረፉት በ1313 ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ በ1316/17፣ ዓፄ ዓምደ ጽዮን ዳሞትን ድል አድርገው ወደ ግዛታቸው ቀላቀሉ። ገድላቸው በልዩ ልዩ ቅጂዎች የሚገኝ ሲሆን፣ በሰፊው የሚታወቀው የደብረ ሊባኖሱ ቅጂ የተጻፈው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ይህም ማለት በጸሐፊውና በሚተርከው ነገር መካከል ሁለት መቶ ዓመት ያህል አለ ማለት ነው። ጸሐፊው በብዕሩ ያስነሣው ሞተለሚ በእርሱ ዘመን ማንንም የማያስፈራ፣ መንግሥቱም ከጠፋ ሁለት መቶ ዓመት የሆነው ንጉሥ ነበር። ስለዚህ ግርማው ከፍርሃት የመጣ ሊሆን አይችልም። ከድርሰት ፍላጎት የመጣ ነው።

ሌላም አስገራሚ መገጣጠም አለ። ሰሎሞንን፣ ንግሥት ማክዳንና ቀዳማዊ ምኒልክን የያዘው ክብረ ነገሥት በአሁኑ ቅርጹ የተዘጋጀው በዚያው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዓምደ ጽዮን ዘመን እንደሆነ ብዙዎቹ ምሁራን ይስማማሉ። አንድ መንግሥት የራሱን ነገሥታት የትውልድ ሐረግ በመጽሐፍ ባጸናበት ዘመን የሌላው ነገሥታት ግዛት በጦር ተወሰደ። የመጀመሪያዎቹ የራሳቸው መጽሐፍ አላቸው። የኋለኞቹ ግን በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ በእንግድነት ይኖራሉ።

3. ሞተለሚ በገድሉ ውስጥ

ሞተለሚ በገድሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ የሚመጣው ጻድቁ ከመወለዳቸው በፊት ነው። ሠራዊቱ እስከ ጽላልሽ ይዘልቃል። ካህኑ ጸጋ ዘአብ ሲሸሹ ውኃ ውስጥ ይገባሉ፤ ተአምርም ይሰውራቸዋል። ሚስታቸው እግዚእ ኀረያ ግን ተማርከው ወደ ዳሞት ይወሰዳሉ። ንጉሡ በውበታቸው ተማርኮ ሊያገባቸው ይወስናል፤ የሠርግ ዝግጅት ያደርጋል። ሠርጉ ሳይፈጸም ቅዱስ ሚካኤል ደርሶ ወደ አገራቸው ይመልሳቸዋል። የልጁ መፀነስ የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛው ልጁ አድገው፣ ወንጌል ይዘው ወደ ዳሞት ሲወርዱ ነው። በዚህ ጊዜ ንጉሡ ከጠንቋዮቹ ጋር ሆኖ ይቃወማቸዋል። ወደ ገደል ያስወረውራቸዋል፤ መልአኩ ያድናቸዋል። በመጨረሻም ንጉሡ አምኖ ይጠመቃል።

በዚህ ትልም ላይ ሦስት ነገሮችን ማንሣት እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ ሞተለሚ ከታሪኩ ቢወጣ ታሪኩ አይቆምም። ምርኮው ባይኖር የሚካኤል መገለጥ የለም። የሚካኤል መገለጥ ባይኖር የጻድቁ መወለድ የአንድ ካህን ቤት ተራ ደስታ ሆኖ ይቀራል። አረማዊው ንጉሥ ሳያውቀው የቅዱሱ ልደት በር ሆኗል። ጸሐፊው ይህን በር ጠባብ ሊያደርገው አይችልም፤ በሩ ሲሰፋ የሚገባበትም ይገንናልና። ጦሩ ብዙ፣ አገሩ ሰፊ፣ ሠርጉ የንጉሥ ሠርግ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊው አንዱን ንጉሥ ሁለት ጊዜ ተጠቅሞበታል። እናታቸውን የማረከውና ልጃቸው ያጠመቁት አንድ ሰው ነው። በዕድሜ ሲሰላ ይህ ረጅም ዘመነ መንግሥት ይጠይቃል። ለድርሰቱ ግን ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ሁለት የተለያዩ ነገሥታት ቢሆኑ ኖሮ ጥምቀቱ ከብዙ የስብከት ፍሬዎች አንዱ ብቻ በሆነ። አንድ ንጉሥ በመሆኑ ግን በአንድ ትውልድ የተከፈተው ቁስል በሚቀጥለው ትውልድ ይሽራል። እናት ልትወለድበት ያልፈለገችው ቤት በልጇ እጅ በሌላ ዓይነት ልደት ይወለዳል። ይህ ሆን ተብሎ የታነጸ ትልም ነው፤ የገድል ጸሐፊዎቻችን ተአምር ከመደርደር ያለፈ የድርሰት ችሎታ የላቸውም ለሚለው አስተያየት በቂ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ የቋንቋ ነው። እስካሁን በጻፍሁት ላይ አንባቢ እንዳስተዋለው፣ ጻድቁንና ወላጆቻቸውን «አንቱ» ብዬ፣ ሞተለሚን «እሱ» ብዬ እያነሣሁ ነው። ልማዱን ተከትዬ ነው። ይሁን እንጂ ግዕዝ ይህ ልዩነት የለውም። በግዕዝ ንጉሡም ቅዱሱም በአንድ ዓይነት የግሥ እርባታ፣ በነጠላ ቁጥር ይነገርላቸዋል። ደራሲው በሰዋስው ደረጃ ሁለቱን ፊት ለፊት እኩል አቁሟቸዋል። አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ የምናደርገው እኛ ወደ አማርኛ ስንመልሰው ነው። በአማርኛ የምናውቀው ሞተለሚ የግዕዙን ያህል ያልገነነ የሆነው በከፊል በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። በትርጉም ላይ የሚሠሩ ተማሪዎቻችን ይህን ነጥብ ልብ ቢሉት መልካም ነው።

4. የታራው ንጉሥ

አሁን ወደ አየርላንዱ አምሳያ እንለፍ። ቅዱስ ፓትሪክ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአየርላንድ ያስተማረ ሰባኪ ነው። ራሱ በላቲን የጻፋቸው ሁለት ጽሑፎች ዛሬም አሉ። በእነዚህ ውስጥ ነገሥታትን በጅምላ ያነሣል እንጂ ስለ ታራው ንጉሥ ስለ ሎይጋሬ አንዲት ቃል የለም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ሙርኹ የተባለ ጸሐፊ የፓትሪክን ገድል ሲጽፍ ግን ሎይጋሬ በድንገት የታሪኩ ምሰሶ ሆኖ ብቅ ይላል። በባለቤቱ ጽሑፍ ያልነበረ ንጉሥ በገድል ጸሐፊው ብዕር ነገሠ።

ሙርኹ እንደሚተርከው በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት በታራ የአረማውያን በዓል ነበር። የንጉሡ እሳት ሳይነድ ማንም እሳት እንዳያነድድ በሞት የሚያስቀጣ ሕግ ነበር። ፓትሪክ ከታራ ትይዩ በሆነው በስሌን ኮረብታ ላይ የትንሣኤውን እሳት ያበራል። ጠንቋዮቹ ይህ እሳት ዛሬ ካልጠፋ ለዘላለም አይጠፋም ብለው ለንጉሡ ይነግሩታል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የጠንቋዮችና የቅዱሱ ፍልሚያ፣ መርዝ፣ እሳት፣ ተአምር ነው። ንጉሡ ከመሞት ማመን ይሻለኛል ብሎ ያምናል።

ከገድላችን ጋር ያለው ተመሳሳይነት ግልጽ ነው። በሁለቱም ንጉሡ በጠንቋዮች የተከበበ ነው። በሁለቱም ድሉ የሰይፍ ሳይሆን የምልክት ድል ነው። በሁለቱም ንጉሡ ሲያምን አገር እንዳመነ ይቆጠራል። ሁለቱም ጸሐፊዎች ከቅዱሱ ዘመን በሁለት መቶ ዓመት ያህል ይርቃሉ። ሁለቱ ድርሰቶች ተገናኝተው ያውቃሉ ማለት አይደለም። የጋራ ምንጫቸው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ሙሴ በፈርዖን ፊት፣ ዳንኤል በናቡከደነፆር ፊት፣ ኤልያስ በአክዓብ ፊት መቆማቸው ነው። ሁለቱም መነኮሳት ከአንድ መጽሐፍ ተምረዋል፤ ተመሳሳይ ሥራም ሠርተዋል።

የሚለያዩት በፍጻሜው ላይ ነው። በዚያው በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ቲሬኻን የተባለ ሌላ ጸሐፊ ስለዚያው ንጉሥ ፍጹም ሌላ ነገር ይነግረናል። ሎይጋሬ አላመነም። ያላመነበትንም ምክንያት ራሱ ይናገራል፤ አባቱ ኒአል እንዳያምን አደራ ብሎታል። በታራ ቅጥር ውስጥ፣ እንደ ጦርነት ሰው መሣሪያውን ታጥቆ፣ ፊቱን ወደ ጠላቱ ወደ ሌንስተር አገር አዙሮ ቆሞ እንዲቀበር ታዟል። የሚገርመው ሁለቱም ጽሑፎች በ807 አካባቢ በተገለበጠው የአርማ መጽሐፍ በሚባለው አንድ ጥራዝ ውስጥ አብረው መገኘታቸው ነው። በአንዱ ገጽ ንጉሡ አምኗል። በሌላው ገጽ ሳያምን ከነጦሩ ቆሞ ተቀብሯል። ገልባጩ አንዱን መርጦ ሌላውን አልጣለም።

5. ሁለተኛው የሞተለሚ ፍጻሜ

እኛስ? የእኛ ገድል አንድ ፍጻሜ ብቻ ነው ያለው፤ እርሱም ጥምቀት ነው። ከታጠቀና ቆሞ ከተቀበረ ሞተለሚ ጋር በግዕዝ አንገናኝም። ነገር ግን የአፍ ትውፊትን ከጽሑፍ እኩል ብንቆጥር ሁለተኛ ፍጻሜ አለን።

በወላይታ የቃል ታሪክ ሞቶሎሚ የሚባል ንጉሥ የወላይታ ማላ ሥርወ መንግሥት መሥራች ተብሎ ይነገራል። ከዚህ ሥርወ መንግሥት በኋላ የመጣው ከትግራይ በመጣ ሰው ተመሠረተ የሚባለውና ትግሬ በሚል ስም የሚታወቀው ሥርወ መንግሥት ሲሆን፣ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ጦር እስከ ተማረኩ ድረስ ቆይቷል። የወላይታው ሞቶሎሚ መታወቂያው በማን እጅ መጠመቁ አይደለም፤ የነገሥታት መጀመሪያ መሆኑ ነው። በገድሉ ውስጥ የሌላ ሰው ታሪክ በር የነበረው ንጉሥ፣ በዚህኛው ትውፊት የራሱ ቤት ባለቤት ነው።

የገድሉ ሞተለሚና የወላይታው ሞቶሎሚ አንድ ሰው ናቸው ብሎ መደምደም የታሪክ ሰዎች ሥራ ነው፤ ስሙም የአንድ ሰው መጠሪያ ይሁን የማዕረግ ስም ገና አከራካሪ ነው። ስሙን በተመለከተ በክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነሣ አንድ ነገር አለ። የምዕራብ ሸዋ ተማሪዎች ስሙን ሲሰሙ በኦሮምኛ ንጉሥ ማለት የሆነውን «ሞቲ» የሚለውን ቃል ይሰሙበታል። ጆሯቸው ንቁ በመሆኑ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የቃልን ዘር አያረጋግጥም፤ የድምፅ ለውጡን ሕግና የዘመኑን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ለሥነ ጽሑፍ የሚበቃን ግን ይህ ነው፦ አንድ ስም በሁለት ትውፊት ውስጥ ሁለት የተለያየ ሕይወት ኖሯል፤ ሁለቱም ሕይወቶች አድማጭ አግኝተዋል።

በዘመናችን ሞተለሚን ባንዲራ አድርጎ የማንሣት አዝማሚያ በሁለት አቅጣጫ ይታያል። አንደኛው ወገን ገድሉን ብቻ ይዞ ሞተለሚን የተሸነፈ አረማዊ፣ ታሪኩም ከጥምቀቱ የሚጀምር አድርጎ ያያል። ሌላው ወገን ንጉሡን ብቻ ይዞ ገድሉን የጠላት ጽሑፍ ነው ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም አንድ ነገር ይዘነጋሉ። የመጀመሪያው፣ ጸሐፊው ራሱ ንጉሡን እንዳላናነቀው ይረሳል። ሁለተኛው ደግሞ ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ የንጉሡ ስም ከዳሞት መሃል ጭራሽ በጠፋ ነበር የሚለውን ይረሳል። ባላጋራ የጻፈው ቢሆንም ያቆየው ባላጋራው ነው።

6. ያልተጻፈው

ይህን ስል ገድሉ ሁሉንም ሰጥቶናል ማለቴ አይደለም። የጎደለው ምን እንደሆነ የሚታየው እንደገና ከአየርላንዱ ጋር ሲነጻጸር ነው። የአየርላንድ መነኮሳት አረማዊ ነገሥታትን የጻፉት በገድል ውስጥ ብቻ አልነበረም። በላቲን ጎን ለጎን በሕዝቡ ቋንቋ፣ በአይሪሽ፣ ቅዱስ የማይገባባቸው የነገሥታት ታሪኮችን ጽፈዋል። ከእነዚህ አንዱን ልጥቀስ።

ሉጋይድ ማክ ኮን በታራ ነግሦ ሳለ በጎች ገብተው ንግሥቲቱ ለቀለም የምታበቅለውን ተክል ይበሉባታል። ንጉሡ በጎቹ ለንግሥቲቱ ይወረሱ ብሎ ይፈርዳል። በዚያ የነበረ ኮርማክ የሚባል ልጅ ግን ፍርዱ ልክ አይደለም ይላል። ተክሉ መልሶ ይበቅላል፤ የበጎቹም ጠጉር መልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ ለአንድ አጨዳ አንድ ሽልት ይበቃል ይላል። የሐሰት ፍርዱ የተነገረበት ቤት ግማሹ ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። ሉጋይድ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት በታራ ሲቆይ ሣር አይበቅልም፣ ቅጠል አይወጣም፣ እህል አያፈራም። ሕዝቡ ያወርደዋል። ኮርማክ በአየርላንድ ትውፊት የመልካም ንጉሥ ምሳሌ ሆኖ የሚታወሰው እንዲህ ባለው ፍርዱ ነው።

እዚህ ላይ የንጉሥነት መለኪያ እምነት አይደለም፤ ፍርድ ነው። ንጉሡ ሲያጎድል ምድር ታጎድላለች። ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በኦሮሞ ሥነ ቃል፣ በተለይ በአርሲ፣ በባሌና በጉጂ፣ አኮ ማኖዬ ስለምትባል የማይቻለውን ሁሉ ስለምታዝ ንግሥት ይነገራል፤ በሲዳማም ስለ ንግሥት ፉራ ይነገራል። የሁለቱም ታሪክ ፍሬ ነገር ትእዛዝ ከልክ ሲያልፍ ብልሃት ያወርደዋል የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ በሴት አገዛዝ ላይ የወንዶች ተራኪዎች የቋጠሩት ቂም እንደሚታይባቸው አንባቢ አይስተውም። ያም ሆኖ ገዥ በፍርዱ ይለካል የሚለውን መለኪያ በግልጽ ይዘዋል። በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን በሚያሸጋግረው በገዳ ሥርዓት ያደገ ማኅበረሰብ ከልክ ያለፈ ገዥን ታሪክ እየደጋገመ መንገሩ የሚጠበቅ ነው።

ስለ ሞተለሚ ፍርድ ግን አንዳች የምናውቀው ነገር የለም። ችሎት ሲቀመጥ፣ የሁለት ሰዎች ክርክር ሲሰማ፣ ዝናብ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ገድሉ አይነግረንም፤ ሥራውም አይደለም። ምክንያቱ የጸሐፊው ክፋት ሳይሆን የቋንቋ ርቀት ይመስለኛል። የአየርላንዱ መነኩሴ ስለ ኮርማክ የጻፈው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ ኮርማክ ያባቶቹ ንጉሥ ነው። የእኛ ጸሐፊ በግዕዝ፣ የዳሞት ሰው በማይናገረው ቋንቋ፣ ስለ ሌላ ሕዝብ ንጉሥ ጻፈ። ንጉሡን ከውጭ፣ ከፊት ለፊት አየው። ግርማውን አየ። ጓዳውን ግን አላየም።

የአየርላንዱም ሥራ ቢሆን ያለ ሕሊና ክርክር የተሠራ እንዳይመስለን። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአረማዊ ተረቶች ትልቁን የገለበጠ አንድ ጸሐፊ መጨረሻው ላይ ሁለት ማስታወሻ ትቷል። በአይሪሽ የጻፈው ታሪኩን ሳይለውጥ በታማኝነት የሚይዘውን ሁሉ ይባርካል። በላቲን የጻፈው ደግሞ ይህ ነገር ብዙው የማይታመን፣ ከፊሉም የሰነፎች መዝናኛ ነው ይላል። አንድ ሰው በሁለት ቋንቋ ሁለት ልብ ነበረው። ቢሆንም ቃሉን ሳይጥል ጻፈው። ከእኛ መነኮሳት መካከል ሕዝባዊ ቃል የሚሰማ ጆሮ የነበራቸው አልጠፉም፤ የአርዌን ታሪክ፣ ማለትም ከማክዳ በፊት በአገሩ ነግሦ ግብር ይቀበል ነበር የሚባለውን ዘንዶ፣ ያቆዩልን እነርሱ ናቸው። ነገር ግን አርዌም በመጽሐፍ የተገኘው ሊገደል ነው፤ ሞተለሚም ሊጠመቅ ነው። ከእኛ የተጻፈ ቅርስ የጎደለው ለራሱ ብቻ የሚኖር አረማዊ ንጉሥ ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለው ሁሉ ለማስተማር ሥራችን ምን ይጠቁማል? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮችን ይጠቁማል።

መጀመሪያ፣ ገድልን የታሪክ ማስረጃ ብቻ አድርጎ መበርበር ወይም የእምነት መጽሐፍ ነው ብሎ ከሥነ ጽሑፍ ክፍል ውጭ መተው ሁለቱም ይጎዱናል። ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በሚናገረው ታላቅ ሥራቸው ገድላትን ለታሪክ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል አሳይተዋል። በሥነ ጽሑፍ በኩል ግን ትልሙን፣ የገጸ ባሕርያቱን አሣሣልና የትርጉሙን ችግር የሚመረምር ተመጣጣኝ ሥራ ገና ይቀረናል።

ሁለተኛ፣ የቃል ትውፊቱ ዕለት ዕለት እየሳሳ ነው። በደንዲ፣ በወንጪ፣ በጀልዱና በጉደር ዙሪያ ያሉ ሽማግሌዎች ከኦሮሞ መስፋፋት በፊት ስለነበሩት ሰዎችና ገዥዎች የሚሉት ነገር ካለ፣ ተማሪዎቻችን ሄደው በኦሮምኛ መቅዳት አለባቸው። ሲጠይቁም ሞተለሚን ለማግኘት አይጠይቁ። የተነገራቸውን ይቅዱ። ፈልጎ የሚጠይቅ ሰው የፈለገውን ይነገረዋል። ካልተገኘም አለመገኘቱ ራሱ መመዝገብ ያለበት ውጤት ነው፤ አፈ ታሪክ ከቦታው ሲነሣ ምን እንደሚቀር የሚያሳይ በመሆኑ።

ሦስተኛ፣ ገድሉና ቃሉ በአንድ ጥራዝ ይቀመጡ። የግዕዙ ምንባብ ከነአማርኛው፣ ከጎኑ የወላይታው ትውፊት በወላይትኛ ከነትርጉሙ ቢታተም፣ በ807 አካባቢ አንድ የአየርላንድ ገልባጭ የሠራውን ሥራ እኛም ሠራን ማለት ነው። ተማሪው የትኛው እውነት ነው ብሎ ይጠይቃል። ይጠይቅ። መልሱን ሳይሆን ጥያቄውን በትክክል ማቅረብ ነው የእኛ ድርሻ።

ይህ ከአምቦ የሚነሣ ሰው ሊሠራው የማይችል ሥራ አይደለም። ከአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በልጅነቱ ከቤተ ክርስቲያን ግዕዝና ቅኔ፣ ከአባቱ ወገን የኦሮሞን ባህል ቀስሞ ነበር፤ በተውኔቶቹ ነገሥታትን መድረክ ላይ ያቆመው ሁለቱን ጆሮዎች ይዞ ነው። የዳሞትን ንጉሥ ታሪክ በሙሉ ለመስማትም እነዚያው ሁለት ጆሮዎች ያስፈልጋሉ። አንዱ ንጉሡ ሲጠመቅ ይሰማል፤ ሌላው ከነጦሩ ቆሞ ይሰማዋል።